ሌሪ ኮንስታንታይን፦ መዝገብ ያሳነሰው ፈጣን ኳስ ወርዋሪ

በክሪኬት የታሪክ መዝገብ ውስጥ ከሌሪ ኮንስታንታይን ስም ጎን የሰፈሩት አኃዞች የሚያስደንቁ አይደሉም። ለዌስት ኢንዲስ ቡድን በ18 የቴስት ግጥሚያዎች ተሰለፈ፤ 58 መቺዎችን አስወጣ፤ አንድ መቺ ለማስወጣትም በአማካይ 30 ነጥብ ከፈለ። በመቺነት የሰበሰበው 635 ነጥብ ሲሆን አማካዩ ከ19 እምብዛም አያልፍም። በቴስት ግጥሚያ አንድም ጊዜ መቶ ነጥብ አላስመዘገበም። በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ የሚፈርድ ሰው ኮንስታንታይንን ከመካከለኛ ተጫዋቾች ተርታ ያሰልፈዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ሰው በ1971 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ሀገሩ ትሪኒዳድና ቶቤጎ በመንግሥት ደረጃ በክብር ቀበረችው። በለንደን ዌስትሚንስተር አቢይም የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገለት። በብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት አባል የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነበር። በመዝገቡና በዝናው መካከል ያለው ይህ ሰፊ ልዩነት ከምን መጣ? መልሱ የሚገኘው በሜዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሜዳው ውጭ በኖረው ሕይወትም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ክሪኬትን ላልለመደ አንባቢ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ክሪኬት 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ የእንጨትና የኳስ ጨዋታ ነው። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች ሦስት ሦስት ችካሎች ይተከላሉ። ኳስ ወርዋሪው ጠንካራዋን ኳስ ከአንደኛው ጫፍ ወደ ሌላኛው ይወረውራል፤ መቺው በጠፍጣፋ እንጨት ችካሎቹን እየተከላከለ ኳሷን ይመታል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል እየሮጠም ነጥብ ይሰበስባል። ኳሷ ችካሎቹን ከጣለች፣ ወይም የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ በተጋጣሚ ተጫዋች እጅ ከገባች መቺው ከጨዋታው ይወጣል። ኳስ ወርዋሪ የሚመዘነው አንድ መቺ ለማስወጣት ስንት ነጥብ እንዳስወሰደ ተሰልቶ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብቃቱ ይልቃል። ቴስት የሚባለው በሀገራት መካከል ለበርካታ ቀናት የሚካሄደው ከፍተኛው የክሪኬት ግጥሚያ ነው።

ሌሪ ኒኮላስ ኮንስታንታይን መስከረም 21 ቀን 1901 በትሪኒዳድ ደሴት ሰሜናዊ ምዕራብ ክፍል፣ ፔቲ ቫሊ በተባለች መንደር ተወለደ። ትሪኒዳድ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ቅድመ አያቶቹ በባርነት የኖሩ ሲሆኑ፣ አባቱ ለብሩን ኮንስታንታይን በካካዎ እርሻ ላይ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ነበር። ለብሩን ኑሮውን ከእርሻው ቢያገኝም ስሙ የታወቀው በክሪኬት ነው። በ1900 ከካሪቢያን ደሴቶች ከተውጣጣ ቡድን ጋር ወደ እንግሊዝ ተጉዞ፣ የጨዋታው መናገሻ በሆነው በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ 113 ነጥብ አስመዘገበ። ከካሪቢያን ሄዶ በእንግሊዝ ምድር መቶ ነጥብ የተሻገረ የመጀመሪያው ተጫዋችም ሆነ። የእናቱ የአናይስ ወንድም ቪክቶር ፓስካልም ለትሪኒዳድና ለዌስት ኢንዲስ የተሰለፈ ኳስ ወርዋሪ ነበር።

በዚህ ቤት ክሪኬት የመላው ቤተሰብ ጨዋታ ነበር። እናትና እኅት ሳይቀሩ በእርሻው አጠገብ ባለው ሜዳ ልምምዱን ይካፈሉ ነበር። ሌሪ ኳስ የመያዝ ጥበቡን ያገኘው ከዚያ ነው። ኋላ ላይ ሜዳ ውስጥ የትም ቢቆም ኳስ የማያመልጠው፣ ሩጫውና ዝላዩ ብቻውን ተመልካች የሚጠራ ተጫዋች ወጣው። ስለ ውርወራውና ስለ ምቱ የተለያየ አስተያየት የነበራቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ ኳስ በመያዝ የሚስተካከለው በዘመኑ አልነበረም።

ትምህርቱን ጨርሶ በ1917 በአንድ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሕግ የመማር ፍላጎት ነበረው፤ ነገር ግን በቅኝ ግዛቲቱ ለጥቁር ወጣት መንገዱ ጠባብ ነበር። የቆዳ ቀለም የሥራ ደረጃን ብቻ ሳይሆን የክሪኬት ክለብንም ይወስን ነበር። ባለጸጎቹ ነጮች ኩዊንስ ፓርክ በተባለው ክለብ፣ ቆዳቸው ፈካ ያለው የመካከለኛው መደብ ክልሶች በሜፕል፣ እንደ ኮንስታንታይን ያሉ ጥቁር መምህራንና ጸሐፊዎች በሻነን፣ ድሆቹ የቀን ሠራተኞች ደግሞ በስቲንጎ ይጫወቱ ነበር። ሻነን በሜዳ ላይ በሚያሳየው ትጋት የታወቀ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በሌላ ስፍራ የተነፈጋቸውን ክብር በጨዋታ ለማስመለስ የሚታገሉ ይመስሉ ነበር።

በ1921 ኮንስታንታይን ለመጀመሪያ ጊዜ ለትሪኒዳድ ተሰለፈ። አባትና ልጅ በአንድ ቡድን አብረው የተጫወቱበት አጋጣሚም ነበር። በ1923 ለዌስት ኢንዲስ ተመርጦ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ገና ብስለት የሚጎድለው ወጣት ነበር፤ የጉዞው ውጤት መካከለኛ ቢሆንም የኳስ አያያዙ የታላላቆቹን የእንግሊዝ ተጫዋቾች ዓይን ሳበ። ከጉዞው ሲመለስ የጠበቀው ግን ያው የጸሐፊነት ኑሮ ነበር። ክሪኬት በደሴቲቱ እንጀራ አይሆንም፤ ጥሩ ሥራ ደግሞ ለጥቁር አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰነ፤ በሚቀጥለው የእንግሊዝ ጉዞ ተከፋይ ተጫዋች አድርጎ የሚቀጥረው ክለብ እስኪያገኝ ድረስ ጉልበቱን ሁሉ ለጨዋታው ማዋል። በ1927 ኖርማ ኮክስን አገባ፤ ውሳኔው ከዚያ ወዲህ የቤተሰብም ጉዳይ ሆነ።

ያ ጉዞ በ1928 መጣ። ዌስት ኢንዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ የቴስት ደረጃ ተሰጥቶት ከእንግሊዝ ጋር ሦስት ግጥሚያዎች ያደረገበት ዓመት ነው። በሰኔ ወር ቡድኑ ሎርድስ ላይ ሚድልሴክስ ከተባለው የካውንቲ ቡድን ጋር ተገናኘ። ኮንስታንታይን ጉዳት ላይ ስለነበር ሐኪም እንዲያርፍ መክሮት ነበር፤ ተመልካች የሚመጣው እሱን ለማየት ስለሆነ ግን ተሰለፈ። ሚድልሴክስ በ6 መቺዎች መውጣት 352 ነጥብ ይዞ የመጀመሪያ ዙሩን ዘጋ። ዌስት ኢንዲስ 79 ነጥብ ላይ 5 መቺዎችን ባጣበት ሰዓት ኮንስታንታይን ገባና ሰዓት ሳይሞላ 86 ነጥብ ሰበሰበ። ቀጥሎ ኳስ ሲወረውር 57 ነጥብ ብቻ አስወስዶ 7 መቺዎችን አስወጣ፤ ሚድልሴክስም በ136 ነጥብ ተጠናቀቀ። ለማሸነፍ 259 ነጥብ የሚያስፈልገው ዌስት ኢንዲስ እንደገና 5 መቺዎችን በ121 ነጥብ አጣ። ኮንስታንታይን ዳግመኛ ገብቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ 103 ነጥብ አስመዘገበ፤ ቡድኑም አሸነፈ።

ይህ ግጥሚያ ስሙን በመላ እንግሊዝ አስጠራው። በዚያ የጉዞ ወቅት በአጠቃላይ 1,381 ነጥብ ሰበሰበ፤ 107 መቺዎችንም አስወጣ። በአንድ ወቅት አንድ ሺህ ነጥብና አንድ መቶ መቺ ላይ መድረስ ታላቅ የሁለገብነት ምልክት ነው። በሦስቱ የቴስት ግጥሚያዎች ግን ሌላ ሰው ሆነ። ዌስት ኢንዲስ በቴስት ታሪኩ ያስወጣው የመጀመሪያ መቺ የእሱ ቢሆንም፣ በሦስቱ ግጥሚያዎች ያስወጣው 5 መቺዎችን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዳቸውም ከ52 ነጥብ በላይ አስወሰደ። በምት የሰበሰበው በድምሩ 89 ነጥብ ነበር። ቡድኑም ሦስቱንም ግጥሚያዎች በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። በአንድ ክረምት የታየው ይህ መለዋወጥ ከዚያ በኋላም የኮንስታንታይን የቴስት ሕይወት መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

ከ1928 ጉዞ በኋላ የሚፈልገውን አገኘ። በሰሜን እንግሊዝ ላንካሻየር ግዛት የምትገኘው የጥጥ ሸማኔዎች ከተማ ኔልሰን በወቅት 500 ፓውንድና የብቃት ጉርሻ ልትከፍለው ተዋዋለች። በ1929 ከባለቤቱ ጋር ወደዚያች ከተማ ሄደ። ኔልሰን እስከዚያ ጊዜ ጥቁር ሰው እምብዛም ያላየች ስለነበረች ሕፃናት በመስኮት እያጮለቁ ያዩት ነበር፤ የስድብ ደብዳቤም ደርሶታል። ኮንስታንታይን ከአንድ ወቅት በኋላ ወደ ሀገሩ ለመመለስ አስቦ ነበር። ባለቤቱ ኖርማ ግን እንዲጸኑ መከረችው፤ ቆዩም። ለ20 ዓመታት ያህል ኔልሰንን ቤታቸው አደረጉ፤ ልጃቸው ግሎሪያም እዚያ አደገች።

በኔልሰን የታየው ኮንስታንታይን በቴስት ከታየው ፈጽሞ የተለየ ነበር። ከ1929 እስከ 1937 በተጫወተባቸው 9 ወቅቶች ኔልሰን 7 ጊዜ የላንካሻየር ሊግ አሸናፊ ሆነ፤ ከሁለተኛ ደረጃም ዝቅ አላለም። በ1934 ከአክሪንግተን ጋር በተደረገው ግጥሚያ 10 ነጥብ ብቻ አስወስዶ የተጋጣሚውን 10 መቺዎች ሁሉ ብቻውን አስወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ከፋብሪካ የሚወጡት ሠራተኞች ሜዳውን ይሞሉት ነበር። እሱ ወደሚጫወትበት ማንኛውም ከተማ ሕዝብ ስለሚጎርፍ፣ የሌሎቹ ክለቦች የመግቢያ ገቢ ሳይቀር በእሱ ምክንያት አደገ።

ልዩነቱ ከጨዋታው ዓይነት የመነጨ ነበር። የሊግ ግጥሚያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ኮንስታንታይን በሙሉ ፍጥነት ይወረውራል፤ ሲመታም ሳይጠብቅ ያጠቃል፤ አንድ ሰዓት የፈጀ ድንቅ ሥራ ግጥሚያውን ይወስናል። ቴስት ግን ለቀናት የሚዘልቅ የትዕግሥት ጨዋታ ነው። እንደ ነብር ዘልሎ የሚይዝ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደ በሬ እንዲጎትት ሲጠየቅ መድከሙ አይቀርም። ኮንስታንታይን ደግሞ በአንድ ቡድን ውስጥ ፈጣን ወርዋሪም፣ አጥቂ መቺም፣ ዋና ኳስ ያዥም ነበር። በአንዱ ላይ ያፈሰሰው ጉልበት ከሌላው ይቀነሳል።

ሌላም ምክንያት ነበር፤ ተከፋይ ተጫዋች በመሆኑ ጌታው ክለቡ ነው። በ1933 ዌስት ኢንዲስ እንግሊዝን ሲጎበኝ ኮንስታንታይን በዚያው ሀገር እየኖረ ኔልሰን ለአንድ የቴስት ግጥሚያ ብቻ ፈቀደለት። የቴስት ሕይወቱ ከ1928 እስከ 1939 ድረስ 11 ዓመታት ቢሸፍንም፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተጫወተው 18 ጊዜ ብቻ ነው። በቂ ሥራ በሀገሩ ቢያገኝ ኖሮ ወደ ኔልሰን ባልሄደ፤ ወደ ኔልሰን ባይሄድ ደግሞ ቤተሰቡን ማስተዳደር ባልቻለ። የመዝገቡ ክፍተት ከፊሉ የዚህ ዕዳ ነው።

በተፈቀደለት ጊዜ ግን ብቃቱ ይወጣና ይወርድ ነበር። በየካቲት 1930 የእንግሊዝ ቡድን ወደ ካሪቢያን ሲመጣ፣ በብሪቲሽ ጊያና ዋና ከተማ ጆርጅታውን ዌስት ኢንዲስ የመጀመሪያውን የቴስት ድል ተቀዳጀ። ወጣቱ ጆርጅ ሄድሊ በሁለቱም ዙር መቶ ነጥብ ሲሻገር፣ ኮንስታንታይን በመጀመሪያው ዙር 4፣ በሁለተኛው 5 መቺዎችን አስወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡድኑ ወደ አውስትራሊያ ተጓዘ። እዚያ ከክፍለ ሀገር ቡድኖች ጋር በተደረጉት ግጥሚያዎች ኮንስታንታይን አስደናቂ ነበር፤ የአውስትራሊያው ታላቅ መቺ ዶናልድ ብራድማን በኳስ አያያዙ እጅግ ተደንቋል። በአምስቱ የቴስት ግጥሚያዎች ግን በድምሩ 72 ነጥብ ብቻ ሰበሰበ፤ ያስወጣቸውም 8 መቺዎች ብቻ ነበሩ።

በ1933 ማንችስተር ላይ የተጫወተው ግጥሚያ በሌላ ምክንያት ይታወሳል። ከዚያ በፊት በነበረው ወቅት የእንግሊዙ አምበል ዳግላስ ጃርዲን ፈጣን ወርዋሪዎቹን አሰልፎ በአውስትራሊያውያን መቺዎች አካል ላይ ያነጣጠረ ውርወራ በማስወርወሩ በሁለቱ ሀገራት መካከል ቁጣ ተቀስቅሶ ነበር። ኮንስታንታይንና ባልደረባው ማኒ ማርቲንዴል ያንኑ ስልት በእንግሊዝ ምድር በጃርዲን ላይ መለሱበት። ጃርዲን ሳይበገር 127 ነጥብ አስመዘገበ፤ ግጥሚያውም አቻ ተጠናቀቀ። እንግሊዛውያን ተመልካቾች ግን ያ ስልት ምን እንደሚመስል በገዛ ሜዳቸው አዩ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ስልቱ ተቀባይነት አጣ።

የቴስት ሕይወቱ ጫፍ የ1935 ተከታታይ ግጥሚያ ነው። እንግሊዝ ወደ ካሪቢያን መጥታ የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፈች፤ ኮንስታንታይን በዚያ አልነበረም። ሁለተኛው ግጥሚያ በተወለደበት ደሴት ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን ተደረገ። በመጀመሪያው ዙር 90 ነጥብ ሰበሰበ፤ በቴስት ከዚህ የበለጠ አስመዝግቦ አያውቅም። በመጨረሻው ቀን እንግሊዝ እስከ ፍጻሜው ተከላክላ አቻ ለመውጣት ስትታገል፣ አንድ ኳስ ብቻ ሲቀር ኮንስታንታይን የመጨረሻውን መቺ ሞሪስ ሌይላንድን አስወጥቶ ድሉን ለሀገሩ አበሰረ። በጃማይካ በተደረገው አራተኛ ግጥሚያም ዌስት ኢንዲስ አሸንፎ የመጀመሪያውን የተከታታይ ግጥሚያ ድል 2 ለ 1 ተቀዳጀ። ኮንስታንታይን በሦስት ግጥሚያዎች 15 መቺዎችን አስወጣ፤ ለእያንዳንዳቸው 13 ነጥብ ያህል ብቻ ነበር ያስወሰደው።

በዚያ የጃማይካ ግጥሚያ የተፈጸመ ሌላ ነገር አለ። አምበሉ ጃኪ ግራንት ተጎድቶ ሲወጣ የቡድኑን መሪነት ለኮንስታንታይን ሰጠው። ዌስት ኢንዲስ በአብዛኛው ጥቁሮች የሚጫወቱበት ቡድን ቢሆንም አምበልነት ለነጮች የተከለለ ነበር። ጥቁር ሰው ቡድኑን በቋሚነት የመራው ፍራንክ ወሬል በ1960 ከተሾመ በኋላ ነው። ኮንስታንታይን በ1935 ያገኘው የጥቂት ሰዓታት አደራ ቢሆንም፣ ሲነፈግ የኖረው ነገር ምን እንደነበር አሳይቷል።

በኔልሰን የነበረው ኑሮም ከክሪኬት የሰፋ ነበር። በ1932 የሀገሩ ልጅ፣ ጸሐፊውና የታሪክ ተመራማሪው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ወደ እንግሊዝ መጥቶ በኮንስታንታይን ቤት ተቀመጠ። ኮንስታንታይን የጄምስን የመጀመሪያ የፖለቲካ መጽሐፍ በገንዘቡ አሳተመለት፤ ጄምስ ደግሞ በ1933 የታተመውን የኮንስታንታይን የክሪኬት መጽሐፍ በማዘጋጀት ረዳው። ሁለቱም በላንካሻየር ከተሞች እየዞሩ ስለ ካሪቢያን ሕዝብ ራስን የማስተዳደር መብት ንግግር ያደርጉ ነበር። ይህ ወዳጅነት ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ባዳ አይደለም። ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣችበት በ1935፣ በለንደን ለኢትዮጵያ ድምፅ ለማሰማት የተቋቋመውን የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር በሊቀመንበርነት የመራው ይኸው ጄምስ ነበር። ኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታም የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል።

በ1938 ሮችዴል ለተባለው ክለብ ከተጫወተ በኋላ፣ በ1939 ዌስት ኢንዲስ ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ያለ ክለብ ገደብ ሙሉውን ወቅት ተሰለፈ። ዕድሜው 37 ደርሶ ነበር፤ የቀድሞው ፍጥነት ቀንሷል። ይሁን እንጂ በሊግ ዓመታቱ የተማረውን ብልኃት ይዞ መጣ፤ የኳሷን ፍጥነት እየለዋወጠ፣ መቺውን እያታለለ 103 መቺዎችን አስወጣ። ነሐሴ ላይ በለንደን ኦቫል ሜዳ በተደረገው የመጨረሻ የቴስት ግጥሚያው 5 መቺዎችን በአንድ ዙር አስወጥቶ፣ በምትም ተመልካቹን ያስፈነደቀ 79 ነጥብ ሰበሰበ። ከቀናት በኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ የቴስት ሕይወቱም በዚያው ተዘጋ። ወጥነት ያጣው ወርዋሪ ጥበቡን ባሟላበት ሰዓት ሜዳው ተነፈገው።

በጦርነቱ ዘመን በእንግሊዝ የሠራተኛ ሚኒስቴር ተቀጥሮ፣ ከካሪቢያን መጥተው በሊቨርፑልና በአካባቢው ፋብሪካዎች የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞችን ችግር የሚከታተል የደኅንነት ሹም ሆነ። የመኖሪያ ቤት የሚከለከሉትን፣ ከአሠሪና ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የሚጋጩትን እያነጋገረ ያስማማ ነበር። ትዕግሥት ጎደለው እየተባለ በሜዳ የተተቸው ሰው በዚህ ሥራ ትዕግሥቱን አስመሰከረ።

በ1943 ክረምት ሎርድስ ላይ ሊጫወት ወደ ለንደን ሲመጣ ለራሱ፣ ለባለቤቱና ለልጁ በኢምፔሪያል ሆቴል ለአራት ሌሊት ክፍል አስይዞ ነበር። ቀለሙ ችግር እንደማይሆን አስቀድሞ ጠይቆ አረጋግጧል። ሲደርስ ግን ከአንድ ሌሊት በላይ መቆየት እንደማይችል ተነገረው፤ ምክንያቱ በሆቴሉ ያረፉ ነጭ አሜሪካውያን ቅር ይላቸዋል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ የዘር አድልዎን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ቢሆንም ኮንስታንታይን ነገሩን በዝምታ አላለፈውም፤ ሆቴሉን ከሰሰ። ጠበቆቹ የተመረኮዙት እንግዳ ተቀባይ ቤት ያለ በቂ ምክንያት መንገደኛን መመለስ አይችልም በሚለው የቆየ የእንግሊዝ የልማድ ሕግ ላይ ነው። በ1944 ዳኛ ኖርማን በርኬት ፈረዱለት። የተወሰነለት ካሳ አምስት ጊኒ ነበር፤ ከ5 ፓውንድ ጥቂት ከፍ የሚል ገንዘብ። ገንዘቡ ኢምንት ቢሆንም ፍርዱ በጋዜጦች ተሰራጭቶ የቀለም አድልዎ በችሎት ሊሸነፍ እንደሚችል አሳየ።

ጦርነቱ ባበቃበት በነሐሴ 1945 ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከካሪቢያን የተውጣጣ ቡድን ሎርድስ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተጫወተ። ሊመራ የታሰበው ተጫዋች በመታመሙ አብረውት የነበሩት፣ ከእሱ በቀር ሁሉም ነጮች ሆነው ሳለ፣ ኮንስታንታይንን አምበል አደረጉት። ቡድኑም በ45 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የወጣትነት ምኞቱን አነሣ። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሕግ ተማረ፤ በ1954 በጠበቃነት ለመቆም በቃ። በዚያው ዓመት በብሪታንያ ስላለው የቀለም አድልዎ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ወደ ትሪኒዳድ ተመልሶ በኤሪክ ዊሊያምስ የሚመራው ሕዝባዊ ብሔራዊ ንቅናቄ ፓርቲ ሲመሠረት ሊቀመንበር ሆነ። በ1956 ምርጫ ቱናፑና በተባለው አካባቢ ተመርጦ የመገናኛና የሥራ ሚኒስትር ሆነ። ትሪኒዳድና ቶቤጎ በ1962 ነጻነቷን ስታውጅ በለንደን የመጀመሪያው ከፍተኛ ኮሚሽነሯ፣ ማለትም አምባሳደሯ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት የናይት ማዕረግ ተሰጠው።

በ1963 በብሪስቶል ከተማ የአውቶቡስ ድርጅቱ ጥቁሮችንና እስያውያንን በሹፌርነትና በትኬት ቆራጭነት አልቀጥርም በማለቱ፣ የካሪቢያን ተወላጆች በአውቶቡሱ ላለመሳፈር አደሙ። ኮንስታንታይን የዲፕሎማት ጭምትነቱን ትቶ አድማውን በይፋ ደገፈ፤ የከተማዋን ሹማምንትም አነጋገረ። ድርጅቱ በነሐሴ ወር ክልከላውን አነሣ። የገዛ መንግሥቱ ግን አምባሳደር በሌላ ሀገር የውስጥ ጉዳይ ገባ ብሎ አልወደደለትም፤ በ1964 ሥልጣኑን ለቀቀ። በሚቀጥለው ዓመት ብሪታንያ የመጀመሪያውን የዘር አድልዎ መከላከያ ሕግ ስታወጣ፣ ሕጉን ለማስፈጸም በተቋቋመው ቦርድ አባል ሆኖ ተሾመ። በ1968 ደግሞ የቢቢሲ የአስተዳደር ቦርድ አባል ሆነ።

በ1969 የሎርድነት ማዕረግ ሲሰጠው ማዕረጉ ሁለት ቦታዎችን የያዘ ነበር፤ በትሪኒዳድ ያለችውን ማራቫልንና በላንካሻየር ያለችውን ኔልሰንን። አንደኛዋ በልጅነቱ ያደገባት የካካዎ እርሻ ምድር ናት፤ ሁለተኛዋ ቀለሙን እያዩ ሲደነቁ የጀመሩ ሸማኔዎች ኋላ የእኛ ሰው ያሉበት ከተማ ናት።

ሌሪ ኮንስታንታይን ሐምሌ 1 ቀን 1971 በለንደን በልብ ሕመም አረፈ። አስከሬኑ ወደ ትሪኒዳድ ተወስዶ በአሩካ ተቀበረ፤ የሀገሪቱ ከፍተኛ የክብር ኒሻንም ከሞቱ በኋላ ተሰጠው። ባለቤቱ ኖርማ ከሁለት ወር በኋላ ተከተለችው።

የቴስት መዝገቡን ዛሬ የሚያገላብጥ ሰው የሚያገኘው አንድ ቀን የሚነድ ሌላ ቀን የሚጠፋ ወርዋሪን ነው። ያ መዝገብ ሐሰት አይደለም፤ ኮንስታንታይን በታላላቅ ግጥሚያዎች ብዙ ጊዜ ከሚጠበቅበት በታች ወርዷል። መዝገቡ የማይናገረው ግን ለምን አልፎ አልፎ ብቻ እንደተሰለፈ፣ ጉልበቱን በየትኛው ሜዳ ሸጦ ቤቱን እንዳቆመ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ምን እንደተከለከለ ነው። በሜዳ ላይ ወጥነት ያጣው ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ከጠበቃ ቢሮ ጸሐፊነቱ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ድረስ ወጥ ሆኖ ኖሯል፤ ሰው በቀለሙ እንዳይመዘን በመታገል።